የሠርጉ ፊልም እንዳይጠፋ፦ በካምፕ ውስጥ በላፕቶፕ ቪዲዮ ስለማቀናበር

በካኩማ ሠርግ ወይም ተዝካር ሲታሰብ፣ ዳሱ ሳይጣል በፊት አስቀድሞ የሚጠራው ቪዲዮ የሚያነሳው ልጅ ነው። የሙሽራዋ እናት አገር ቤት ናቸው፤ ወንድሟ ሚኒያፖሊስ ወይም ሜልበርን ነው፤ አብሮ አደጎቿ በየአገሩ ተበትነዋል። እነዚህ ሁሉ ሠርጉን የሚያዩት በዚያ ፊልም ብቻ ነው። በለቅሶም ቢሆን እንዲሁ ነው። የአባቱን ሞት በስልክ የተረዳ ሰው ቀብሩን የሚያየው ወዳጅ አንስቶ በላከለት ቪዲዮ ነው።

ቀደም ባሉት ዓመታት ፊልም ቆርጦ ለመቀጠል ሁለት የቪዲዮ ማጫወቻና ቴሌቪዥን ያስፈልግ ነበር። ዛሬ አንድ ያገለገለ ላፕቶፕና በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ይበቃል። ስለሆነም በዚህ እትም በላፕቶፕ ቪዲዮ ለማቀናበር ምን እንደሚያስፈልግ፣ በተለይም እኛ ባለንበት ቦታ የሚያጋጥሙ ብልሽቶች ምክንያታቸውና መፍትሔያቸው ምን እንደሆነ እንመለከታለን።

ይህን ለመጻፍ ያነሳሳኝ የራሴ ጥፋት መሆኑን አልደብቅም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንዲት ጎረቤቴን ሠርግ ቀኑን ሙሉ አንስቼ፣ ማታውኑ ከካሜራው ካርድ ወደ ውጭ ዲስክ ማዛወር ጀመርኩ። ኮፒ ማድረግ ሲገባኝ «ከት» ብዬ ነበር የማዛውረው። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ የሚሠራው ቻርጀሩ ሶኬት ላይ ሲሰካ ብቻ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ጄነሬተሩ ጠፋ። በማግሥቱ ዲስኩን ስሰካው «ፎርማት ይደረግ ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። ካርዱ ላይ የቀሩት ገና ተራቸው ያልደረሰ ጥቂት ፋይሎች ብቻ ነበሩ። የማታው ጭፈራ ተረፈ። ሚዜዎቹ በር ላይ ሲከለከሉ፣ ሙሽራዋ ሽማግሌዎቹን ጉልበት ስማ ስትወጣ የነበረው ግን ጠፋ። ሙሽሮቹ በዓመቱ ወደ ሦስተኛ አገር ሄዱ። እናትየው ልጃቸው ስትጨፍር አይተዋል፤ ከቤት ስትወጣ አላዩም።

በዚያች ሌሊት የተፈጸሙት ስሕተቶች አራት ወይም አምስት ናቸው። አንዳቸውም ከፊልም ጥበብ ጋር ግንኙነት የላቸውም።

ላፕቶፑ

ወደ ካምፑ የሚገቡት ላፕቶፖች አብዛኞቹ ያገለገሉ ናቸው። ከናይሮቢ ሉቱሊ አቬኑ የሚያስመጣም፣ እዚሁ ከጓደኛው የሚገዛም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «አይ 5 ነው ወይስ አይ 7?» ብሎ ነው። ይህ ብዙ አይጠቅምም። ከስሙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ማየት ይሻላል። 4300 ቢል አራተኛው ትውልድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ማለት ነው። 6300 ቢል ስድስተኛው ነው፤ የ2015 ነው። 8250 ደግሞ የስምንተኛው፣ የ2017 ነው። ልዩነቱ ለቪዲዮ ሥራ ትልቅ ነው። አዳዲስ ስልኮች ቪዲዮ የሚያስቀምጡት ኤች 265 በሚባል ጠበቅ ተደርጎ በታጨቀ ዓይነት ሲሆን፣ ከስድስተኛው ትውልድ ወዲህ ያሉት የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ይህን የሚፈታ ክፍል በውስጣቸው አላቸው። የቀደሙት በጉልበት ስለሚፈቱት ይንተፋተፋሉ፤ ይግላሉ።

ራሙ 8 ጊጋባይት ቢሆን ይመረጣል። በ4 ጊጋባይት የሚሠሩ አሉ፤ ትዕግሥታቸውን አደንቃለሁ። ከሁሉ በላይ ግን የሚሽከረከረውን አሮጌ ሃርድ ዲስክ አውጥቶ በኤስኤስዲ መተካት ለገንዘቡ የሚያስገኘው ጥቅም ከፍተኛ ነው። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው በመንቀጥቀጥና በመንገድ አይጎዳም፤ ፕሮግራሙም በፍጥነት ይከፈታል። ባለ 240 ጊጋባይቱ ለፕሮግራሙና በእጅ ላለው አንድ ሥራ ይበቃል። ያለቀው ሥራ ወደ ውጭ ዲስክ ይወጣል።

ከመግዛታችሁ በፊት ቻርጀሩን ነቅላችሁ ቪዲዮ እያጫወታችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ግማሽ ሰዓት ካልቆየ ዋጋው ላይ የባትሪ ዋጋ መደመር አለበት። ሻጩ ቅር ቢለውም ይበለው።

ስለ ኤሌክትሪክ

የላፕቶፕ ባትሪ እንደ ተጨማሪ ዕቃ የሚታይ አይደለም። በካምፕ ኑሮ ሥራውን ከድንገተኛ መጥፋት የሚያድነው እርሱ ነው። የሞተ ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ጄነሬተሩ በጠፋ ቅጽበት አብሮ ይጠፋል። በዚያች ሰከንድ ወደ ዲስኩ እየተጻፈ ያለው ፋይል ብቻ ሳይሆን፣ የትኛው ፋይል የት እንዳለ የሚናገረው የዲስኩ ማውጫም ሊበላሽ ይችላል። የእኔ ዲስክ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። 15 ደቂቃ የሚቆይ ባትሪ እንኳ ሴቭ አድርጎ፣ ዲስኩን በሥርዓት አውጥቶ ለመዝጋት በቂ ነው።

በቻርጀሩ ጀርባ ላይ ያለውን ጽሑፍ ብታነቡ ከ100 እስከ 240 ቮልት እንደሚቀበል ታያላችሁ። ስለዚህ ኃይሉ ዝቅ ከፍ ማለቱ ብቻውን ቻርጀሩን አይገድለውም። የሚጎዳው ጄነሬተሩ ሲነሳና ነዳጁ አልቆ እያነከሰ ሲጠፋ የሚፈጠረው ድንገተኛ ምት ነው። ጄነሬተሩ ሊነሳ ሲል ቻርጀሩን መንቀልና መብራቱ እስኪረጋ አምስት ደቂቃ መታገሥ ምንም ወጪ የለውም። አንድ ዲቫይደር ላይ ላፕቶፕ፣ ምጣድና የፀጉር ማድረቂያ አብሮ መሰካት ግን የታወቀ የጥፋት መንገድ ነው።

ሶላር ያላችሁ ደግሞ ሒሳቡን አስቀድማችሁ ሥሩ። ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ በወረቀት ላይ 1200 ዋት ሰዓት ይይዛል። ይሁን እንጂ የእርሳስ አሲድ ባትሪ ደጋግሞ ከግማሽ በታች ሲወርድ ዕድሜው ስለሚያጥር፣ ያለን 600 ነው ብንል ይሻላል። ኢንቨርተሩ ከዚያ ላይ ከመቶ 10 እስከ 15 የሚሆነውን በሙቀት መልክ ያባክናል። የቀረውን ወደ 500 ዋት ሰዓት በአማካይ 50 ዋት ለሚበላ ላፕቶፕ ብናካፍለው 10 ሰዓት ያሠራል ማለት ነው። ያን ያህል በአንድ ቀን መልሶ ለመሙላት በጥሩ ፀሐይ 150 ዋት ያህል ፓኔል ያሻል። ባለ 50 ዋት ፓኔል ይዞ ሌሊቱን ሙሉ ማቀናበር የሚፈልግ ሰው ባትሪውን በጥቂት ወራት ውስጥ ይጨርሰዋል።

ከተቻለ ኢንቨርተሩን ጨርሶ መተው ነው። ኢንቨርተር 12 ቮልቱን ወደ 240 ያወጣዋል፤ ቻርጀሩ ደግሞ መልሶ ወደ 19 ወይም 20 ቮልት ያወርደዋል። በሁለቱም ጉዞ ኃይል ይባክናል። በመኪና ውስጥ የሚሰካው ዓይነት የላፕቶፕ ቻርጀር በቀጥታ ከ12 ቮልት ስለሚሠራ ከአንድ ባትሪ ረዘም ያለ ሰዓት ያስገኛል። ሲገዛ ግን ቮልቱና ጫፉ ከላፕቶፑ ጋር መግጠሙን፣ ዋቱም ከዋናው ቻርጀር የማያንስ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል።

ሙቀትና አቧራ

አብዛኞቹ ላፕቶፖች የተሠሩት እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ባለ አየር ውስጥ እንዲሠሩ ነው። በእኛ ዘንድ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቀትር ላይ ያለውን ሙቀት መናገር አያስፈልግም። ፕሮሰሰሩ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ጠዋት አንድ ሰዓት የፈጀ ሥራ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዓት ሲፈጅ «ቫይረስ ገብቶበታል» የሚሉ አሉ፤ ብዙውን ጊዜ ግን የገባበት አቧራ ነው።

ላፕቶፑን ፍራሽ ወይም ብርድ ልብስ ላይ አታስቀምጡ፤ የሚተነፍስበት ቀዳዳ ከሥሩ ነው። ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ አድርጎ ከኋላው በሁለት የጠርሙስ ክዳን ከፍ ማድረግ ይበቃል። በየሁለት ወሩ ገደማ አጥፍቶ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጥቶ፣ ማራገቢያውን በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ ይገባል። በአፍ መንፋት እርጥበት ያስገባል። በብስክሌት ጎማ መንፊያ የምትነፉ ከሆነ ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በቀጭን እንጨት ያዙት። ረጅሙን ሥራ፣ ማለትም ፊልሙን የማውጣቱን ሥራ፣ ለሌሊት ወይም ለንጋት አቆዩት።

ካርድ፣ ዲስክና ፍላሽ

አንድ ስልክ በተለመደው ጥራት፣ ማለትም 1920 በ1080 ሲያነሳ፣ በደቂቃ ወደ 130 ሜጋባይት ይወስዳል። አንድ ሰዓት ወደ 8 ጊጋባይት ይጠጋል። በሁለት ስልክና በአንድ ካሜራ የተነሳ ሠርግ በቀላሉ 50 ጊጋባይት ይሆናል። አራት ኬ በሚባለው ከፍተኛ ጥራት ማንሳት ደግሞ በደቂቃ 350 ሜጋባይት ያህል ሊፈጅ ይችላል። በስልክ ለሚያዩ ዘመዶች ይህ አያስፈልግም፤ ላፕቶፑንም ያንገላታዋል።

እንግዲህ ደንቡ ይህ ነው። ከካርዱ ወደ ላፕቶፑ ኮፒ፤ ከካርዱ ወደ ውጭ ዲስክ ሌላ ኮፒ። «ከት» የሚባለውን ቃል እርሱት። ኮፒው ሲያልቅ የሁለቱን ፎልደሮች መጠን አስተያዩ፤ ከመጀመሪያው፣ ከመካከልና ከመጨረሻው ጥቂት ፋይል ከፍታችሁ ተመልከቱ። ካርዱን ደግሞ በፕላስተር ጠቅልላችሁ የሠርጉን ቀን ጽፋችሁ፣ ፊልሙ ለባለቤቶቹ እስኪደርስ ድረስ አታጥፉት። ለቀጣዩ ሠርግ ካርዱ የሚያስፈልግ ከሆነ ሌላ ካርድ መግዛት ይረክሳል። ዲስኩንም ከመንቀላችሁ በፊት በኮምፒዩተሩ ላይ «አውጣ» በሉት፤ መብራቱ እያብለጨለጨ አትንቀሉት።

እዚህ ላይ ስለ ሐሰተኛ ፍላሽ ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። በላዩ 512 ጊጋባይት ወይም 1 ቴራባይት ተጽፎበት፣ ውስጡ ግን 8 ወይም 16 ጊጋባይት ብቻ የሆነ ፍላሽና ካርድ በየገበያው ይሸጣል። ተንኮሉ ኮምፒዩተሩም ውስጥ ሲገባ የተጻፈውን መጠን እንዲያሳይ መደረጉ ነው። ፋይል ሲሞላበት እሺ ይላል፤ ስማቸውም ይታያል። ከእውነተኛው መጠን ያለፉት ፋይሎች ግን ሲከፈቱ ባዶ ወይም የተሰባበሩ ናቸው። ይህን የሚያጋልጥ «ኤች 2 ቴስት ደብሊው» የሚባል ትንሽ ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ለሊኑክስ ደግሞ «ኤፍ 3» የሚባለው አለ። ፍላሹን በሙሉ ጽፎ መልሶ ያነበዋል። ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል፤ ሆኖም አዲስ የተገዛ ካርድ ሳይፈተሽ ሠርግ ቤት መግባት የለበትም።

ሌላው በየጊዜው የሚጠየቅ ጥያቄ አለ። «ፍላሹ 32 ጊጋባይት ነው፣ ፊልሙ 5 ጊጋባይት ነው፤ ለምን ቦታ የለም ይለኛል?» የሚል ነው። ፍላሹ ፎርማት የተደረገው ፋት 32 በሚባለው ዓይነት ስለሆነ ነው። ይህ ዓይነት ባዶ ቦታ ቢኖረውም ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ኤክስ ፋት በሚባለው ፎርማት ቢደረግ ይቀበላል፤ ፎርማት ማድረግ ግን ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ አስቀድሞ ማውጣት ያሻል። አሮጌ ቴሌቪዥኖች ኤክስ ፋትን ላያነቡ ይችላሉ። ፊልሙ በቴሌቪዥን የሚታይ ከሆነ በፋት 32 ትቶ ፋይሉን ከ4 ጊጋባይት በታች ማድረግ ይመረጣል።

ፕሮግራሙን ማዘጋጀት

ሾትከትና ኬደንላይቭ የሚባሉት ሁለት ፕሮግራሞች ነፃ ናቸው። አንድ ጊዜ ከኢንተርኔት ከወረዱ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፤ በፍላሽ ከሰው ወደ ሰው ማስተላለፍም የተፈቀደ ነው። ዳቪንቺ ሪዞልቭም ነፃ የሆነ ዓይነት አለው፤ ግሩም ፕሮግራም ነው፤ ነገር ግን 16 ጊጋባይት ራምና ጠንካራ ግራፊክስ ካርድ ስለሚፈልግ ለአብዛኞቻችን ላፕቶፕ አይሆንም። ቁልፉ ተሰብሮ የሚሸጥ ውድ ፕሮግራም ከመጫን መቆጠብ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስ የሚገባው በዚያ በኩል ነው።

ከዚህ በታች ያለው ስለ ሾትከት ነው። ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ፎልደር ክፈቱ፤ ቪዲዮውም፣ ፎቶውም፣ ሙዚቃውም፣ የፕሮጀክቱ ፋይልም በዚያው ውስጥ ይሁን። ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። የፕሮጀክቱ ፋይል ቪዲዮውን በውስጡ አይዝም። የሚይዘው «ከእገሌ ፋይል ከዚህ እስከዚህ ውሰድ» የሚል ማስታወሻ ብቻ ነው። ስለዚህ ነው ትንሹን ፋይል ብቻ በፍላሽ ይዞ ጓደኛው ጋ የሄደ ሰው ባዶ ስክሪን የሚገጥመው። የውጭ ዲስኩ ትናንት በኢ ፊደል፣ ዛሬ በኤፍ ፊደል ቢከፈትም ፕሮግራሙ «ፋይሉ ጠፍቷል» ይላል። ምንም አልጠፋም፤ የተለወጠው አድራሻው ነው። በሚመጣው ሳጥን ውስጥ አንዱን ፋይል ፈልጋችሁ ብታሳዩት በዚያ ፎልደር ያሉትን ሌሎቹንም ራሱ ያገኛቸዋል።

ላፕቶፑ ደካማ ከሆነ «ፕሮክሲ» የሚባለውን አብሩ። ፕሮግራሙ ከእያንዳንዱ ቪዲዮ አነስ ያለ ቅጂ ይሠራና በእርሱ ያሠራችኋል፤ ፊልሙ ሲወጣ ግን ዋናውን ይጠቀማል። ቅጂዎቹን ለመሥራት መጀመሪያ ላይ ጊዜ ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ ግን አሮጌ ላፕቶፕም ሳይንተፋተፍ ይሄዳል። ይህን የማያውቁ ሰዎች ያለምክንያት ላፕቶፕ ሲቀይሩ አይቻለሁ።

ድምፅና ከንፈር ሲለያዩ

ከሁሉ ይበልጥ ሰዎችን የሚያስመርረው ችግር ይህ ነው። ፊልሙ ሲጀምር ድምፁ ልክ ነው፤ በ20ኛው ደቂቃ የቄሱ ወይም የሽማግሌው ከንፈር ከተናገረ በኋላ ድምፁ ይመጣል፤ በሰዓቱ ጭራሽ አይገናኙም። ብዙዎች ድምፁን በየአምስት ደቂቃው እየቆረጡ ወደፊት ወደኋላ ይገፋሉ። እኔም ሁለት ሠርግ በዚህ መንገድ ሠርቼ ዓይኔን አጥፍቻለሁ።

ምክንያቱ ከስልኩ ነው። ካሜራ በሰከንድ 25 ወይም 30 ሥዕል ሳያዛንፍ ያነሳል። ስልክ ግን እንደ ብርሃኑ ይለዋወጣል። ዳስ ውስጥ ሲጨልምበት ከ30 ወደ 24 ወይም ከዚያ በታች ዝቅ ይላል፤ ውጭ ሲወጣ ይመለሳል። ድምፁ በራሱ ሰዓት ይሄዳል። የማቀናበሪያው ፕሮግራም ሥዕሎቹ ሁሉ እኩል ርቀት ያላቸው መስሎት ሲደረድራቸው ልዩነቱ ጥቂት በጥቂት እየተጠራቀመ ይሄዳል።

መፍትሔው ከመቁረጥ በፊት ነው። ሾትከት እንዲህ ያለ ፋይል ሲገጥመው ለማቀናበር ወደሚመች ዓይነት ልለውጥ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ እሺ በሉት። አለበለዚያ ሃንድብሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ውስጥ በቪዲዮው ገጽ ላይ የሥዕል ፍጥነቱን 30፣ ዓይነቱን «ቋሚ» የሚለውን መርጣችሁ ለውጡትና በተለወጠው ሥሩ። የሚወስደው ጊዜ ረጅም ስለሆነ ማታ አስጀምሮ መተኛት ነው፤ ባትሪው ጤነኛ ከሆነ።

ልብ በሉ፤ ድምፁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእኩል መጠን የሚዘገይ ከሆነ ችግሩ ሌላ ነው። ይህ የሚሆነው የአንዱን መሣሪያ ድምፅ ከሌላው ሥዕል ጋር ስናጋባ ነው፤ አንድ ጊዜ ገፍቶ ማስተካከል ይበቃል። ለመግጠሚያ የሚሆን ምልክት ለማግኘት ሁሉም መሣሪያዎች እየቀረጹ ሳለ አንድ ጊዜ ማጨብጨብ የተለመደ ነው። ከረሳችሁትም የከበሮው የመጀመሪያ ምት ያው ነው።

ሌሎች ብልሽቶች

በፊልሙ መጀመሪያ የሙሽሮቹን ስም በአማርኛ ጽፋችሁ አራት ማዕዘን ሳጥኖች ብቻ ቢታዩ፣ ፕሮግራሙ የመረጠው ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም ማለት ነው። በዊንዶውስ 10 ላይ ኢብሪማ የሚባለው አብሮ ይገኛል፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካም በነፃ ይጫናሉ። ሳጥን ሳይሆን የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ከታየ ግን ጽሑፉ የተጻፈው በድሮዎቹ የአማርኛ ፎንቶች ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች በላቲን ፊደል ቦታ ላይ የተሣሉ ነበሩ። እንዲህ ያለውን እንደገና ከመጻፍ ሌላ ቀላል መንገድ የለም።

ፊልሙ ሲወጣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ ከመቶ 63 ላይ የሚቆም ከሆነ፣ በዚያ ቦታ ያለው አንዱ ፋይል የተበላሸ መሆኑን ያመለክታል። በሃንድብሬክ ለውጣችሁት መልሱት። የሚቆምበት ቦታ በየጊዜው የሚለያይ ከሆነ ግን መጀመሪያ የዲስኩን ባዶ ቦታ፣ ቀጥሎ ሙቀቱን ተመልከቱ። የግራፊክሱን እገዛ የሚጠቀመውን ምርጫ አጥፍቶ መሞከርም ብዙ ጊዜ ይረዳል፤ ዝግ ይላል፣ ግን ይጨርሳል።

ለዘመድ መላክ

ለመላክ የሚሆነው ዓይነት ኤም ፒ 4 ነው፤ ቪዲዮው ኤች 264፣ ድምፁ ኤ ኤ ሲ። ኤች 265 ፋይሉን ያሳንሳል፤ ግን አገር ቤት ያለው አሮጌ ስልክ ወይም ቴሌቪዥን ላይከፍተው ይችላል። መጠኑ 1280 በ720፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 3 ሜጋቢት ቢሆን የሁለት ሰዓት ፊልም 3 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል፤ ለፍላሽና ለቴሌቪዥን ይስማማል። ቴሌግራም ያለ ክፍያ አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ስለሚቀበል ለዚያ በሁለት ክፍል ማውጣት ነው። ለኢንተርኔት ገንዘብ ለሚሳሳ ዘመድ ደግሞ የ20 ደቂቃ አጭር ፊልም በ2 ሜጋቢት ብታወጡ 300 ሜጋባይት ብቻ ነው። ቪዲዮ ሆኖ ሳይሆን «ፋይል» ሆኖ ቢላክ ጥራቱ እንዳለ ይደርሳል።

ከመላካችሁ በፊት ግን ፊልሙን ለባለቤቶቹ አሳዩ። በመካከላችን ያሉበት ቦታ እንዲታወቅ የማይፈልጉ ወገኖች አሉ፤ በሠርግ ዳስ ጥግ ተቀምጠው ሳያውቁ ሊነሱ ይችላሉ። ፊትን ማደብዘዝ ሁልጊዜ አይበቃም፤ ድምፅም፣ አካሄድም፣ አብሮ የተቀመጠው ሰውም ያሳውቃል። ያንን ክፍል ቆርጦ ማውጣት ይሻላል። ሠርግን በፌስቡክና በዩትዩብ ለሁሉም ክፍት አድርጎ መለጠፍ ያለ ባለቤቶቹ ፈቃድ የሚደረግ ነገር አይደለም። ላፕቶፑ ለጥገና ሲሄድም በውስጡ ያለው የሰው ፊልም አስቀድሞ ወደ ውጭ ዲስክ ይውጣ።

ከአገር ቤት የመጡ ካሴቶች

በየቤቱ በላስቲክ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ካሴት ያላችሁ አላችሁ። ትልቁን የቪኤችኤስ ካሴት ወደ ላፕቶፕ ለማስገባት የሚሠራ ማጫወቻና በዩኤስቢ የሚሰካ መቅጃ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያም በኬንያም የተቀረጸው ፓል በሚባለው ሥርዓት ስለሆነ በመቅጃው ምርጫ ላይ ፓል ይባል፤ ከአሜሪካ የመጣ ካሴት ግን ኤንቲኤስሲ ነው። ትንሹ የሚኒ ዲቪ ካሴት ፋየርዋየር የሚባል መሰኪያ ይፈልጋል፤ አዳዲስ ላፕቶፖች ስለሌላቸው አሮጌ ላፕቶፕ መፈለግ ግድ ነው። አንድ ሰዓት ካሴት ለመግባት አንድ ሰዓት ይወስዳል፤ የሚኒ ዲቪው 13 ጊጋባይት ያህል ይሆናል። በቴፑ ጠርዝ ላይ ነጭ ሻጋታ ካያችሁ አታጫውቱት፤ ቴፑን ሊበጥስ፣ ማጫወቻውንም ሊያበላሽ ይችላል።

በመጨረሻም ስለ ዲስክ። የውጭ ዲስክ «ፎርማት ይደረግ ወይ?» ብሎ ሲጠይቃችሁ መልሱ አይሆንም ነው። ምንም ነገር አትጻፉበት፤ ነቅላችሁ ለሚያውቅ ሰው አሳዩት። ማውጫው ብቻ ተበላሽቶ ከሆነ «ፎቶሬክ» የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ፋይሎቹን በሌላ ዲስክ ላይ ሊያወጣቸው ይችላል። እኔ በዚያች ጠዋት እሺ አልኩት፤ ከዚያም አዳዲስ ፋይሎች ጫንኩበት። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ግን በየትኛውም ፕሮግራም አትሞክሩት። ወዲያው አጥፉት፤ በተሽከረከረ ቁጥር የቀረውን ይፍቀዋልና።